የቡራዩው አንጥረኛ፦ እጃቸው ወርቅ ነው፣ ሎሚያቸው ግን ይቅር

የእናቴ ማርትሬዛ፣ ያቺ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለባት የድሮ የብር ሳንቲም፣ ማንጠልጠያዋ ተበጥሶ ስድስት ወር መሳቢያ ውስጥ ከርማለች። ፒያሳ ሁለት ቦታ ብጠይቅ ዋጋው አላዋጣኝም። ጎረቤቴ ቡራዩ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለ አንጥረኛ ጋ ላከችኝ። ከአስኮ ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ማክሰኞ ዝግ ነበር፤ ቅዳሜ ተመልሼ አገኘኋቸው።

ቤቷ ጠባብ ናት፤ በርጩማ፣ ወናፍ፣ ጥላሸት የጠጣ ግድግዳ። ጋሼ ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት ብሯን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩና በመርፌ ጫፍ የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ እንቁ መቁጠር ያዙ። ዘጠኝ። «ድሮ ሰው ይህን ሳይቆጥር ከብቱን አይሰጥም ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። ቀጥለው ከደረቷ ሥር ያሉትን «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚሉ ሁለት ፊደላት አሳዩኝ። እኔ የንግሥቲቱ ስም ይመስለኝ ነበር። ቤት ገብቼ ሳነብ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ባለችው ጉንዝበርግ ከተማ የሳንቲም ማተሚያ ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። ብሩ ቢጎድል ተጠያቂው ይታወቃላ!

«1780 ይላል፤ ያን ያህል አርጅታለች?» ብላቸው ሳቁ። 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ቪየናም፣ ሮምም፣ ለንደንም፣ ቦምቤይም ሲመታ ዓመቱ አልተቀየረም። ሌላ ነጋዴ ቢሆን በዚች ቁጥር ስንት በጠራባት! ማንጠልጠያውን በ600 ብር በየዱልኝ፤ የተበየደበት ቦታ አይታወቅም። ደረሰኝ የሚባል ነገር ግን የለም።

ጉዱ የመጣው የአባቴን የምኒልክ ብር ሳወጣ ነው። የ1887 ዓ.ም. ናት፤ የተመታችው ፓሪስ ነው። የፓሪስ ማተሚያ ምልክት የሆነች ትንሽ የላቲን «ኤ» አለችባት። ላሳያቸው ብቻ ነበር። ስልክ ላነሳ ወጣ ብዬ ስመለስ በሎሚና በአመድ ፈትገው እንደ መስታወት አብለጭልጨዋታል። ድሮም ያለቀችው «ኤ» አሁን በጥፍር ካልዳሰሷት አትገኝም። አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። ጋሼ ደግሞ ምርቃት ጠብቀው ፈገግ ብለው ያዩኛል። ምን ልበላቸው? «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ።

ለብየዳው ደግሜ እሄዳለሁ። እናንተም ሂዱ፣ ቅዳሜ ጠዋት። ብራችሁን ከቦርሳ ሳታወጡ ግን «ጋሼ፣ እባክዎ እንዳይታጠብ» በሏቸው።