በውርስ የተገኘ ቤት የሚያፈላልጉት የደሴ ደላላ

ባለፈው ዓመት ደሴ ላይ ቤት ለመግዛት ስነሣ፣ ወዳጄ ስማቸውን እዚህ የማልጠቅሰውን አንድ ደላላ ጠቆመኝ። ሰውየው ፒያሳ ቆመው የሰሙትን ከሚያቀብሉት ደላሎች ይለያሉ። የፍርድ ቤቱን ማስታወቂያ ሰሌዳና በጋዜጣ የሚወጡትን የወራሽነት ጥሪዎች እየተከታተሉ፣ የሟችን ስም፣ የአመልካቹን ስምና የቀጠሮውን ቀን ጠርዙ በተበላ ደብተር ላይ ይመዘግባሉ። ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቁም፤ ሽያጩ ሲፈጸም ግን ከገዢው 2 በመቶ ይወስዳሉ።

ከደብተሩ ካሳዩኝ ቤቶች ውስጥ ሆጤ ሰፈር ያለውን ወደድሁት። ቤቱ የጭቃ ነው፣ ቆርቆሮውም ዝጓል፤ ግቢው ግን ሰፊ ነው። ወራሾቹ አምስት ሲሆኑ ሦስቱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ጅዳ ይኖራሉ፤ ታናሽየው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። የወራሽነት ማረጋገጫ ማን እንደ ወረሰ እንጂ ማን መሸጥ እንደሚፈልግ አይናገርም። ደላላው ግን ግብሩን ማን እንደሚከፍል፣ ማን ሩቅ እንደሚኖርና ማን ቤቱን እንደሚጠቀምበት አንድ በአንድ ይጠይቃሉ፤ ሻጩን ከማይሸጠው የሚለዩትም በዚህ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የጋራ ንብረት ለመሸጥ የሁሉም ባለድርሻዎች ስምምነት ስለሚያስፈልግ፣ ከጅዳ በቆንስላ የተረጋገጠ ውክልና ሳይመጣ ቀብድ እንዳልከፍል አጥብቀው ከለከሉኝ። ኮሚሽናቸው የሚዘገይባቸው ሰው ይህን ሲሉ መስማቴ አስገርሞኛል።

ሌላው የጠቀመኝ የይዞታው ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ የተያዘ መሬት፣ በውርስ ሲተላለፍ እንደነበረ ይቀጥላል፣ በሽያጭ ሲተላለፍ ግን ወደ ሊዝ፣ ማለትም ለመንግሥት ወደሚከፈልበት የመሬት ኪራይ ይገባል። ይህን ወጪ ዋጋው ላይ እንዳስብበት የነገሩኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ከዚያ በፊት ያነጋገርኋቸው ሁለት ደላሎች ግን ቃል አልተነፈሱልኝም።

ቅሬታዬ ግን ቀላል አይደለም። ደላላው ለወራሾቹ የደወሉት የሟች አርባ ሳይወጣ ነው። የወራሾቹ ታላቅ እኅት «የአባቴ ድንኳን ሳይነሣ የቤቱን ዋጋ ተጠየቅሁ» ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ከዚህም ሌላ ደላላው በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታዩትን የውርስ ጉዳዮች ጨርሶ አይከታተሉም፤ ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ብዙ ውርስ በዚያ በሚያልቅበት በደሴ ይህ የደብተራቸው ትልቅ ጉድለት ነው።

ውክልናው ሁለት ወር ከግማሽ ፈጅቶ መጣ፤ ቀብዱን የከፈልሁት ከዚያ በኋላ ነው። ታናሽየው ድርሻውን ቢወስድም ክረምቱ እስኪወጣ እዚያው እንዲቆይ በውሉ ላይ አስፍረናል።