የዕለት ሥራን ለመያዝ ስልክ ወይስ ደብተር?

ዋጋ፦ ስልኩ ካለዎት ጎግል ኪፕ የተባለው የማስታወሻ መጻፊያ መተግበሪያ በነጻ ነው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይጽፋል። ደብተር ግን መብራት ጠፋ አልጠፋ አይጨንቀውም።

ማስታወስ፦ እዚህ ላይ ስልክ ይበልጣል፤ ደብተር አይጮህም። ሰዓቱን ግን ልብ ይበሉ። ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ ልገዛ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብዬ አላርሙን 2:00 ሞላሁት፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰው። መሞላት የነበረበት 8:00 ነው። ቀኑም ያው ነው፦ መስከረም 1 ስልኩ ላይ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ አንዳንዴም 12።

መጥፋት፦ ስልኩ ባጃጅ ውስጥ ቢረሳም ጎግል አካውንት ላይ የተቀመጠው ይመለሳል። ደብተር ከጠፋ ጠፋ።

ቀጠሮ ለሚበዛበት ስልክ። እጁ ከዓሣና ከዘይት ለማይለቅ፣ ዱቤም ለሚጽፍ ባለሱቅ ደብተር፤ ደንበኛው ፊት ገልጦ ማሳየት ይቀላል።