ድንኳን ሳይተከል እንዳትፈርሙ

20,000 ብሬን በልተውኝ ነው የመጣሁት። ከሱቁ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው ይህን የምጽፈው። ነገ ከነገ ወዲያ ሲበርድልኝ «ይሁን፣ ለእግዜር ሰጠኋቸው» ብዬ እተወው ይሆናል። ስለዚህ ሳይበርድልኝ ልንገራችሁ።

እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። «ድንኳን፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ዲኮር እናከራያለን» የሚል ባነር ሰቅለው፣ ሁለት ወርቃማ የሙሽራ ወንበር መንገድ ዳር አውጥተው የሚቀመጡት ናቸው። ስልካቸውን ያወጡና ፎቶ ያሳያሉ። ነጭ ድንኳን፣ መጋረጃው እስከ መሬት የወረደ፣ ጣሪያው በመብራት ያሸበረቀ። «ይሄ ነው የሚመጣልን?» ስትሏቸው «ይሄው ራሱ» ይላሉ። ቀብድ ይቀበላሉ። ማስያዣ ይቀበላሉ። መታወቂያ ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት ያቆማሉ።

የታናሽ እህቴ መልስ ነበር። ሰርጉ ቅዳሜ፣ መልሱ እሁድ፣ ጉለሌ እናታችን ቤት። ግቢው ሰፊ ስለሆነ አዳራሽ አላስፈለገንም። እማዬ ገና ሽማግሌ የተላከ ሰሞን «ድንኳን ከዕድራችን እንወስዳለን» ብላ ነበር። 30 ዓመት ሙሉ ወር በወር የከፈለችበት ዕድር ነው። ለአባል የሚያስከፍሉት የጫኝና አውራጅ ያህል ነው። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አረንጓዴ ሸራ ነው፤ ጎኑ ላይ የዕድሩ ስም በነጭ ቀለም ተጽፎበታል። አባዬ ያረፈ ጊዜ ሦስት ቀን የተቀመጥንበት ድንኳን ነው። «የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሙሽራ አላስገባም» አልኳት። እማዬ ዝም አለች። ዛሬ ያ ዝምታዋ ያንገበግበኛል።

ከፋሲካ በኋላ ያለው ሰሞን እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ረቡዕና አርብ እንኳ አይጾምም። ከዚያ ወዲያው የሰኔ ጾም ይገባል። በሁዳዴ የቆየ ሰርግ ሁሉ እዚያች 50 ቀን ውስጥ ይጠቀጠቃል። አንዱ ድንኳን አርብ አንድ ሰፈር፣ ቅዳሜ ሌላ ሰፈር፣ እሁድ ደግሞ ሌላ ቦታ ይተከላል። ዝናብ ሲመታው ሳይደርቅ ይጠቀለላል። እርጥብ ሸራ ተጠቅልሎ ሲከርም ይሻግታል፣ ስፌቱ ይላላል፣ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ይህን ያስረዱኝ የዕድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸው። እሳቸው ዝናብ የመታውን ሸራ ፀሐይ ሳያስመቱ መጋዘን አያስገቡም። እኔ ግን ይህን የሰማሁት ከሆነ በኋላ ነው።

የተስማማነው በ32,000 ብር ነው። ድንኳኑ ከ150 ወንበርና ከ15 ጠረጴዛ ጋር። ግማሹን በቴሌብር ላክሁ። የማስያዣውን 20,000 ብርም እንደዚያው። ስልኬ ላይ የመጣው ስም የሱቁ ሳይሆን የሆነ ሰው ስም ነው። አየሁት። አለፍኩት። ደረሰኝ ስጠይቅ ባለቤቱ «ዕቃ ስትመልሺ አንድ ላይ ይቆረጥልሻል» አለኝ። እሺ አልኩ።

አርብ 11 ሰዓት ሊተክሉ ነበር የተባባልነው። አልመጡም። «መኪናው ጎማ ፈንድቶበት ነው፣ ነገ በጠዋት» አሉ። ቅዳሜ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ እኔ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ቆሜ እደውላለሁ። «መንገድ ላይ ነን» ይላሉ። ማታ 3 ሰዓት ላይም መንገድ ላይ ነበሩ። አይሱዙው በራችን ላይ የቆመው እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። እንግዳ የተጠራው ለ6 ሰዓት ነው።

አሁን ሳስበው ማርፈዳቸው የጎማ ጉዳይ አልነበረም። አርፍዶ የመጣ ዕቃ አይፈተሽም። ሰው ተጨንቋል፣ «ብቻ ቶሎ ትከሉልኝ» ይላል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ቀሪው 16,000 ብር ካልተከፈለ አናራግፍም አሉ። ከፈልኩ። ቀጥለው ወረቀት አመጡ። ለክትፎው ቅቤ እያጠለልኩ ነበር፤ እጄ በቅቤ ርሷል። «እዚህ ጋ ፈርሚልን» አለኝ አንደኛው፣ የቢራ ሳጥን ላይ አስደግፎ። ፈረምኩ። አውራ ጣቴ ወረቀቱ ላይ ክብ የቅቤ እድፍ ጥሎ ቀረ። ምን እንደተጻፈበት አላነበብኩም። እኔ መሥሪያ ቤቴ ቀኑን ሙሉ ውል የማነብ ሰው ነኝ። የእህቴ መልስ ቀን ግን ሁለት መስመር ማንበብ አቃተኝ።

ድንኳኑ ሲዘረጋ ፎቶው ላይ ያየነው አይደለም። አንድ ጊዜ ነጭ የነበረ ነው። እንደ እርጥብ ጆንያ ይሸታል። የጣሪያ ጨርቅ የለውም፣ መብራት የለውም። ጣሪያው ላይ፣ ከመሃለኛው ቋሚ አጠገብ፣ ክንድ የሚያህል ቅዳድ አየሁ። በሰማያዊ የጆንያ ክር ተሰፍቶ ነበር። ስፌቱ እስከ ግማሽ ተተርትሯል።

«ይሄ ምንድነው?» ብዬ ጮህኩ። ከተካዮቹ አንዱ፣ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ቀጭን ልጅ መጣ። «እህቴ አትጨነቂ፣ ይሄ የቆየ ነው፣ ለጥፈንበት ነው የምንሠራው» አለኝ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለኝ። ከኪሱ ቡናማ የካርቶን ፕላስተር አወጣ። መሰላል ላይ ወጥቶ አራት ጊዜ ደራርቦ ለጠፈበት። መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

ሲጨርሱ እማዬ «ሳትበሉማ አትሄዱም» ብላ አስቀመጠቻቸው። እንግዳ ሳይቀምሰው ዶሮ ወጥ አወጣችላቸው። ቀይ ኮፍያ ያደረገውን ልጅ «ምነው እንዲህ ቀጠንክ የኔ ልጅ?» ብላ በእጇ አጎረሰችው። «አንድ ያጣላል» ብላ ደገመችው።

ዝናቡ 9 ሰዓት ላይ መጣ። እንጦጦ ላይ ሲጠቁር እያየነው ነበር። ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ተነስተዋል፣ ሙሽሮቹ ካባቸውን ለብሰው ድፎ ዳቦው ፊት ቆመዋል። መጀመሪያ ጣሪያው ውሃ ቋጥሮ ሆድ አወጣ። ከዚያ የፕላስተሩ አንድ ጫፍ ተላቀቀ። ጠብ፣ ጠብ አለ። ቀጥሎ እንደ ቧንቧ ወረደ። የወረደው ድፎው ላይ ነው። እማዬ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ዳቦው ላይ ጣለችበት። እህቴ ካባዋን ሰብስባ ወንበር ላይ ወጣች። አንድ አዛውንት «ምርቃት ነው፣ ዝናብ ምርቃት ነው» እያሉ ሰውን ሊያረጋጉ ሞከሩ።

ማን እንዳሰበው እስካሁን አላውቅም። የሰፈር ወንዶች በዝናብ ሲሮጡ አየሁ። አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ያንን አረንጓዴ ሸራ ተሸክመው መጡ። ከላይ ደረቡት፣ ገመዱን ግራና ቀኝ ወጥረው ካስማ መቱበት። ውሃው ቆመ። ምርቃቱ ቀጠለ። የዕድሩ ስም የተጻፈበት ጎን የወረደው ከሙሽሮቹ ጀርባ ነው። ፎቶው ሁሉ ላይ አለ። ማንም ምንም አላለኝም። እኔ ግን እማዬን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ኪራዬን መልሱ አላልኩም። ሰኞ ሊያፈርሱ ሲመጡ እንኳ ክፉ አልተናገርኳቸውም። ደክሞኝ ነበር። ወንበሩን ቆጠሩ፣ ጫኑ። «ሁሉም ሙሉ ነው፣ ረቡዕ መጥተሽ ማስያዣሽን ውሰጂ» ብለውኝ ሄዱ።

ዛሬ ሄድኩ።

ባለቤቱ ጠረጴዛው ላይ ፍርፍር ይበላል። ሰላም ስለው ቀና ብሎም አላየኝ። አጠገቡ አንድ ልጅና እጮኛዋ ተቀምጠው ስልክ ላይ ፎቶ ያያሉ። ያንኑ ነጭ ድንኳን። «ማስያዣዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አልኩት። በአገጩ ወደ ውጪ ጠቆመኝ። ዞር ስል ድንኳኑ በር ላይ ተዘርግቷል። እኔን ሊያሳዩኝ ነው የዘረጉት፤ ቅዳዱ ከላይ እንዲሆን አድርገው። ፕላስተሩ ተልጧል፣ የሙጫው እድፍ ብቻ ቀርቷል። ሰማያዊው ክር የለም። አንድ በአንድ ተመዟል። መርፌው የበሳቸው ቀዳዳዎች በሁለቱም ጠርዝ ተደርድረው ይታያሉ፤ ክሩ ግን የለም።

«ቀደሽ ነው የመለስሽልን» አለኝ።

«እንዴ! ሲመጣ የተቀደደ ነው! ልጆቹ ያውቃሉ!»

«ሌላ ሸራ ጭናችሁበት ነው የተቀደደው። ልጆቹ ሰኞ ሲያፈርሱ አይተዋል።»

ያዳነንን ሸራ አዞረብኝ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አሳየሁት። «ይሄማ ከቀደዳችሁት በኋላ የተነሳ ነው፣ ዝናቡ እየገባ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከዝናቡ በፊት ያነሳሁት አንድም ፎቶ የለኝም።

መሳቢያውን ከፈተና ወረቀት አወጣ። የኔው ወረቀት ነው። ፊርማዬ አለ፤ ጎኑ ላይ የቅቤው እድፍ አለ። «ዕቃውን ያለምንም ጉድለትና ጉዳት ተረክቤያለሁ» ይላል። «አንብቢው እስቲ» አለኝ። አነበብኩት። «ጮክ ብለሽ» አለኝ። በሰው ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩት። ለምን እንደታዘዝኩት አላውቅም።

ቀይ ኮፍያ ያደረገው ልጅ በሩ ላይ ወንበር ይደራርባል። ጠራሁት። «ወንድሜ፣ አንተ አይደለህ የለጠፍክልኝ? የቆየ ነው አላልከኝም?» ቆመ። አየኝ። አውቆኛል፣ ዓይኑ ላይ አይቻለሁ። ከዚያ ባለቤቱን አየ።

«እኔ እዚያ ቤት አልመጣሁም» አለ። ወንበሩን መደራረብ ቀጠለ።

እዚያ ቤት አልመጣሁም! የእማዬ እጅ አፉ ውስጥ የገባ ልጅ። ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ ነው እያልኩ መንገዱን ሙሉ ለራሴ ስነግረው መጣሁ። አልዋጥልሽ አለኝ። «አላስታውስም» ቢለኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

ባለቤቱ እጁን በሶፍት ጠርጎ ሂሳብ ነገረኝ። የጣሪያውን ሸራ ማስቀየር 35,000 ብር ነው አለ። «ማስያዣሽ አይበቃም፣ ግን ሰርግ ስለሆነ ትተንልሻል።» የከፈልኩበትን ደረሰኝ ስጠይቀው «እኔ ካንቺ ብር ተቀብያለሁ እንዴ?» አለኝ። በቴሌብር የላክሁበት ስም የሱ አይደለማ። መታወቂያዬን ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ያቺ ጎንበስ ማለቴ ከ20,000ው ብር በላይ ታቃጥለኛለች።

ስወጣ ወደ እጮኛሞቹ ዞርኩ። «ፎቶውን አትመኑ፣ ውጪ የተዘረጋው ነው የሚመጣላችሁ» አልኳቸው። ባለቤቱ «እሷን ተዋት፣ ትንሽ ተናዳ ነው» አላቸው። ልጅቷ ቦርሳዋን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ይከራዩ አይከራዩ አላየሁም። የምጽፈው ለእነሱ ዓይነት ሰው ነው።

የአጎቴ ልጅ ጠበቃ ነው። ታክሲ ውስጥ ሆኜ እያለቀስኩ ደወልኩለት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከነጋዴ ስድብና ዛቻ የመጠበቅ መብት አለው ይላል አለኝ። የደረሰኙ ጉዳይም ያስጠይቃቸዋል አለ። ፊርማሽ ግን ክፉኛ ይይዝሻል አለኝ። ምስክርና ማስረጃ ፈልጊ አለ።

ድንኳን የምትከራዩ፣ ባጭሩ፦ ተተክሎ ሳያልቅ አትፈርሙ። ከሥር ቆማችሁ ጣሪያውን እዩት፤ በቀን ከሆነ ቅዳድ ካለው ብርሃን ያሳልፋል። ሲራገፍና ሲተከል በስልክ ቅረጹ፣ የልጆቹም ድምፅ ይግባ። በሱቁ ስም ካልሆነ ብር አትላኩ። ከቀኑ አንድ ቀን ቀድመው ካልተከሉ ሌላ ፈልጉ። ዕድር ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ዕድራችሁን ጠይቁ።

የሰርጉን ቪዲዮ የሚሠራው ልጅ እሁድ ጠዋት ቀድሞ መጥቶ የግቢውን ዝግጅት ሲቀርጽ ትዝ ይለኛል። ደወልኩለት። መሰላሉ ላይ ሆኖ ሲለጥፍ የተቀረጸ ካለ ማታ አይቶ ሊነግረኝ ነው። ከተገኘ ነገ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ነኝ። እማዬ «ብሩን ሰጡሽ ወይ?» ብላ ሁለት ጊዜ ደውላለች። እንዳልሰጡኝ ነግሬያታለሁ። ስለ ልጁ ግን አልነገርኳትም።