ከመግቢያ ገጽ አላልፍ ያለ ዴስክቶፕ፦ በየካ አባዶ ስላለ አንድ የጥገና ቤት

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎኮቹ በአንዱ ምድር ላይ ያለው ይህ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ከውጭ ሲያዩት ፎቶ ኮፒ ከሚያነሱትና የሞባይል ካርድ ከሚሸጡት ጎረቤቶቹ የሚለይበት ነገር የለውም። ልዩነቱ የሚታወቀው ባለሙያው ዕቃውን ከመንካቱ በፊት በሚያቀርበው ጥያቄ ነው። በከተማችን ዳር ዳሩን የምንኖር ሰዎች ኮምፒውተራችን አልከፈት ባለ ቁጥር «ፎርማት ይደረግ» የሚለውን መልስ ለምደነዋል። ይህ ቤት ግን ከማጥፋት በፊት መመርመርን የሥራው መጀመሪያ አድርጎ ይዟል፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

የወሰድኩት ሊኑክስ ሚንት 21 የተባለው፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚያገለግል ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። በውስጡ የእድራችን የአባላት መዝገብ፣ የመዋጮ ሂሳብና የቃለ ጉባኤ ሰነዶች ነበሩ። ማሽኑ በደህና ይነሣል፣ የመግቢያ ገጹም ይመጣል፤ የይለፍ ቃሉን ጽፌ ስገባ ግን ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ያው የመግቢያ ገጽ ተመልሶ ይደቀናል። ቀድሞ ያሳየሁት ሌላ ቤት ሲፒዩውን መብራት ላይ እንኳ ሳይሰካ ቨርዥኑ ስላረጀ ፎርማት ተደርጎ አዲስ መጫን አለበት የሚል ፍርድ ሰጥቶኝ ነበር። ሚንት 21 ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2027 ድረስ የደህንነት ማሻሻያ የሚያገኝ በመሆኑ፣ እርጅናው ለዚህ ችግር ምክንያት ሊሆን አይችልም።

የየካ አባዶው ወጣት በመጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «ጋሼ፣ የይለፍ ቃሉን ሲጽፉ ስህተት ነው ብሎ ነው የሚመልስዎት ወይስ ምንም ሳይል ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መንገዱን ለሁለት ይከፍለዋል። ስህተት ነው የሚል መልእክት ቢወጣ ኖሮ፣ አማርኛ ኪቦርድ ለጫነ ሰው ሁሉ መጀመሪያ መታየት ያለበት የፊደል ገበታው አማርኛ ላይ እንደሆነ መቅረቱ ነው፤ የተጻፈው በነጥብ ስለሚሸፈን የምንጽፈው በየትኛው ፊደል እንደሆነ አይታይምና። ምንም ሳይል ከመለሰ ግን የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት አግኝቷል፤ የተሰናከለው ከዚያ በኋላ ሊከፈት የነበረው ዴስክቶፕ፣ ማለትም ፕሮግራሞችና ፋይሎች የሚታዩበት የሥራ ገጽ ነው ማለት ነው።

ይህንንም በግምት አልተወውም። ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ2ን አንድ ላይ ተጭኖ ምስል የሌለበትን የጽሑፍ መግቢያ ከከፈተ በኋላ ስሜንና የይለፍ ቃሌን እንድጽፍ ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋልኝ። ያለ ችግር ገባሁ። ስለዚህ አካውንቱም የይለፍ ቃሉም ደህና መሆናቸው ተረጋገጠ። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ባለባቸው ማሽኖች ከማሻሻያ በኋላ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ከአዲሱ ከርነል (ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ጋር ሳይስማማ እየቀረ ተመሳሳይ ችግር እንደሚፈጠር ነግሮኛል፤ የእኔ ግን አብሮ የተሠራ የኢንቴል ግራፊክስ ብቻ ስላለው ያንን ቶሎ አልፎ ዲስኩን ወደ ማየት ሄደ።

መልሱ የተገኘው እዚያ ነው። 120 ጊጋባይቱ ኤስኤስዲ መቶ በመቶ ሞልቶ ነበር። ዴስክቶፑ ሊከፈት ሲል በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ጥቃቅን ፋይሎችን መጻፍ አለበት፤ ከእነዚህም አንዱ ስክሪኑን ለመጠቀም የተፈቀደለት ማን እንደሆነ የሚመዘገብበት «ኤክስ ኦቶሪቲ» የተባለው ስውር ፋይል ነው። ይህን የሚጽፍበት ቦታ ሲያጣ ዴስክቶፑ ይዘጋና ሰውየው ወደ መግቢያው ይመለሳል። እኔን ያስደነቀኝ ግን ዲስኩ እስከዚህ ሞልቶ ሳለ ማሽኑ ራሱ እንዴት ሊነሣ እንደቻለ የሰጠኝ ማብራሪያ ነው፦ ኢኤክስቲ4 የተባለው የፋይል ሥርዓት (ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ዘዴ) ካልተቀየረ በስተቀር ከቦታው 5 በመቶውን ለአስተዳዳሪው፣ ማለትም ሥርዓቱን ለሚመራው አካውንት ይጠብቃል። በእኔ ዲስክ ይህ ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሚሆን፣ ተራው ተጠቃሚ አንዲት ፊደል መጻፍ ሲያቅተው የሥርዓቱ አገልግሎቶች ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ዲስኩን የሞላው የእድሩ ሰነድ አልነበረም፤ ታይምሺፍት የተባለው የሚንት ፕሮግራም በየጊዜው የሚያነሣቸው የሥርዓቱ ቅጂዎች ናቸው። እነዚህ ቅጂዎች ያልተለወጠውን ፋይል ደግመው ባይገለብጡም፣ ብዙ ማሻሻያ በተጫነ ቁጥር እያበጡ ይሄዳሉ፤ በዚያ ላይ የተቀመጡት እዚያው ዲስክ ላይ ነበር። ወጣቱ ሊሰርዛቸው ከመነሣቱ በፊት ሚንትን ከፍላሽ አስነሥቶ ሰነዶቼን በሙሉ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ገለበጠ፤ ጥቂቶቹንም ከፍቼ እንዳይ አደረገኝ። ከዚያም አሮጌዎቹን ቅጂዎች በራሱ በታይምሺፍት ትእዛዝ አስወገደ፣ የኤክስ ኦቶሪቲ ፋይሉ ባለቤት እኔው መሆኔን አረጋገጠ፣ ማሽኑንም እንደ ገና አስነሣው። የይለፍ ቃሌን ስጽፍ ዴስክቶፑ እንደ ወትሮው ተከፈተ። የሚቀመጡት ቅጂዎች ቁጥር ከሁለት እንዳይበልጥ አስተካክሎ፣ ወደፊት ሌላ ዲስክ ላይ ቢሆኑ እንደሚሻልም መከረኝ።

የተከፈለው ገንዘብ ብዙ ሰው ለፎርማት ከሚከፍለው የሚበልጥ አልነበረም። በእኔ እምነት ግን ከዚያ በላይ የሚገባው ሥራ ነው፤ ፎርማት ማድረግ ፋይል መገልበጥን ብቻ ሲጠይቅ ይህ ግን እውቀትና ትዕግሥት ጠይቋል።

ጉድለቶቹንም መናገር ተገቢ ነው። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ደንበኛ የሚቀመጥበት የለም፤ ጄኔሬተርም ስለሌላቸው መብራት ከሄደ ሥራው ይቆማል። ከሁሉም በላይ ቅር ያሰኘኝ የተሠራውን ሥራ ዘርዝሮ የሚያሳይ ደረሰኝ አለመስጠታቸው ነው። ሌላ ባለሙያ ነገ ያንኑ ማሽን ቢከፍተው ምን እንደተነካ የሚያውቅበት ወረቀት ሊኖር ይገባል፤ ይህን ያህል በጥንቃቄ የሚሠራ ቤት ይህን ቢያሟላ ምንም አይከብደውም። ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ የመሳሰሉ የተቃጠሉ ዕቃዎችን እንደማይጠግኑም ፊት ለፊት ይናገራሉ፤ ስለዚህ ጨርሶ መብራት የማያሳይ ማሽን ያለው ሰው በከንቱ ባይደክም ይሻላል።

ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ እዚያው ስላለ ሲፒዩውን ብቻ ይዞ መሄድ ይበቃል። ሰነዶቹ የሚገለበጡበት ባዶ ኤክስተርናል ዲስክ ግን ደንበኛው ራሱ ይዞ መቅረብ አለበት፤ እነርሱ የሰው ፋይል በራሳቸው ዲስክ ላይ አያስቀምጡም።