ያለቀው ወይስ የተጀመረው? ሁለት ባለ ስምንት ጎን ቤቶች

አሜሪካ ውስጥ ስምንት ጎን ያለው አሮጌ ቤት ማየት ካማረህ ከብዙዎቹ መካከል ሁለት የታወቁ ምርጫዎች አሉህ፦ ሚሲሲፒ፣ ናቼዝ ያለው ሎንግዉድና ኒውዮርክ፣ ኧርቪንግተን ያለው አርመር-ስታይነር። ስምንት ጎን ቤት ቦታ ያተርፋል የሚባለው ሂሳብ ልክ ነው፤ በእኩል የግድግዳ ርዝመት ከካሬ ቤት 20 በመቶ ያህል የሚሰፋ ቦታ ይገኛል። ጥግ ላይ የሚቀሩት ሦስት ማዕዘን ክፍሎች ግን ቁም ሳጥን እንኳ በወጉ አያስገቡም።

ለውበት ከሆነ አርመር-ስታይነር ያሸንፋል። እ.ኤ.አ. በ1860 አካባቢ ተሠራ፣ በ1870ዎቹ ጆሴፍ ስታይነር የተባለ የሻይ ነጋዴ ትልቁን ጉልላትና ዙሪያውን በረንዳ ጨመረለት። አልቋል፣ አምሯል፣ በቃ።

እኔ ግን ሎንግዉድን እመርጣለሁ። ከታቀዱት 32 ክፍሎች ያለቁት 9 ብቻ ናቸው፣ እነሱም ምድር ቤቱ ላይ። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ከፊላደልፊያ የመጡት ሠራተኞች ሥራውን ጥለው ወደ ሰሜን ተመለሱ። ባለቤቱ ሃለር ነት በ1864 ሞተ፤ በባሪያ ጉልበት የከበረ የጥጥ ባለርስት ስለነበር ብዙም አላዘንኩለትም። ቤተሰቡ እዚያው ምድር ቤት ኖረ። የላይኞቹ ፎቆች ዛሬም ባዶ ጡብና ጣውላ ናቸው፣ እና ቤቱ እንዴት እንደቆመ በዓይንህ ታያለህ፤ ያለቀ ቤት ይሄን ከልስኑ ጀርባ ይደብቅብሃል።