ሮስ ሲሙሌሽን ሞተር፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ሮስን መጠቀም ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። የአንድን ነገር ሂደት ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያስኬድ (ሲሙሌሽን የሚሠራ) ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ የተሠራው አሜሪካ በሚገኘው ሬንሴሌር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ነው። እኔ ኮምቦልቻ ቤቴ ባለ ተራ ዴስክቶፕ ላይ ጭኜ የሐረጎን ዳገት የመኪና ፍሰት አሰላበታለሁ። አንድ የጫነ ተሳቢ ዳገቱ ላይ ሲያዘግም ከኋላው ምን ያህል ሚኒባስ እንደሚከማች ከኮምቦልቻ ደሴ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። የኔ ፍላጎት ሲሙሌሽኑ መሃል ገብቼ «እዚህ ጋ መቅደሚያ ቦታ ቢኖርስ?» ብሎ መሞከር፣ ካልሆነም ተመልሶ ሌላ መሞከር ነው።

አሠራሩ ታይም ዋርፕ ይባላል። ዴቪድ ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመው ሐሳብ ነው። መንገዱ ተቆራርጦ ለየኮሩ (ለኮምፒውተሩ የስሌት ክፍሎች) ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ኮር ሌላውን ሳይጠብቅ የራሱን ሰዓት ይዞ ይገሰግሳል። ከጎረቤት ክፍል ያለፈ ሰዓት የያዘ መኪና ዘግይቶ ከመጣበት የሠራውን አፍርሶ ወደዚያ ሰዓት ይመለሳል፤ የላካቸውንም መልእክቶች ይሰርዛል።

ለመመለስ የቀድሞው ሁኔታ ያስፈልጋል። ከየኩነቱ (እንደ አንድ መኪና መድረስ ካለ ክስተት) በፊት ቅጂ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ግን ሜሞሪ ይበላል። ሮስ በሌላ በኩል ይሄዳል። ኩነቱን የሚሠራውን ፈንክሽን (የኮድ ክፍል) ስትጽፍ የሚያፈርሰውንም ትጽፋለህ። ቆጣሪ ላይ 1 ከደመርክ፣ ሲመለስ 1 ትቀንሳለህ። ቅጂ የሚባል ነገር የለም። እጅግ የወደድኩት ይህን ነው፤ በእኔ ትንሽ ራም ላይ እንኳ ትልቅ ሞዴል ያስኬዳል።

ጣጣው ሁሉም ነገር በመቀነስ አለመፍረሱ ነው። የመኪናን ፍጥነት በአዲስ ቁጥር ከተካህ አሮጌው ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ አሮጌውን በኩነቱ መልእክት ውስጥ ትሸጉጠዋለህ። የዕድል ቁጥር አመንጪውንም (በዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣውን) የጠራኸውን ያህል ወደ ኋላ ትጠራዋለህ። ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች ደግሞ ደምረህ ስትቀንስ ሁልጊዜ እንደነበሩ አይመለሱም። ስለዚህ እኔ የመኪኖቹን ቦታ ነጥብ በሌለው የሚሊሜትር ቁጥር ነው የምይዘው። ለዚህ ሁሉ ፍተሻ የሚሆን ጥሩ መሣሪያ አብሮት አለ፦ ሜሞሪ እስኪሞላ ያስኬድና ሁሉንም እስከ መነሻው ያፈርሳል። የመነሻው ሁኔታ ካልተመለሰ ኮድህ ስህተት አለበት። ይህን ያሰበውን ሰው ማመስገን እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የሞተሩ ሮልባክ (ያ አፍርሶ ወደ ኋላ መመለሱ) ለአንተ ለተጠቃሚው የተሠራ «መልስ» ቁልፍ አይደለም። ሮስ በየጊዜው አንድ የሰዓት መስመር ያሰላል፤ ከዚያ መስመር በፊት ማንም ኮር አይመለስም። ከመስመሩ በፊት ያሉት ኩነቶች ይጸድቃሉ፣ ሜሞሪያቸውም ይለቀቃል። ስክሪን ላይ መውጣት ያለበት የጸደቀው ብቻ ነው። አለዚያ ኋላ የሚፈርስ ሰልፍ እያየህ ትወስናለህ። ስለዚህ ምስሉ ትንሽ ይዘገያል። እኔ ለምጄዋለሁ።

«ከግማሽ ሰዓት በፊት ወደነበረው ልመለስ» ካልክ ግን ሞተሩ የሚሰጥህ ነገር የለም። መብራት ሲጠፋም ያው ነው፤ ሁሉም ነገር ራም ውስጥ ነበር። መፍትሔዬ ሲሙሌሽኑን በአጭር በአጭር ክፍል ማስኬድ ሆነ። በየክፍሉ መጨረሻ የመኪኖቹ ቦታ፣ ፍጥነትና የዕድል ቁጥር አመንጪዎቹ ሁኔታ ዲስክ ላይ ይጻፋል። ቀጣዩ ክፍል ከዚያ ተነስቶ ኩነቶቹን መልሶ ይፈጥራል። የእኔም ለውጥ የሚገባው ክፍሉ ሲጀምር ነው። ክፍሉን ካሳጠርኩት ቶሎ ይመልስልኛል፣ ግን ሥራው ዲስክ መጻፍ ብቻ ይሆናል። ካስረዘምኩት መብራት ሲሄድ ብዙ ሥራ ይጠፋብኛል።

ይኸው ሞተር እ.ኤ.አ. በ2013 ተጣምረው በሠሩት በሴኮያና በቩልካን ሱፐርኮምፒውተሮች 1,966,080 ኮሮች ላይ በሰከንድ 504 ቢሊዮን ኩነት አስኬዷል። ከእኔ ዴስክቶፕ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ግን አጻጻፉ አንድ ነው።

ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል፣ ሞዴሉንም ከባዶ የሚጽፍ ሰው ይውሰደው። የተጻፈ ፕሮግራም ይዞ ሮልባክ ሊጨምርበት የሚያስብ ግን ሌላ ይፈልግ፤ ማፍረሻውን ለየኩነቱ በእጅ መጻፍ አይቀርለትም።