ሚስ የሚያደርግ ሞተር፣ እጅ የማይደርስበት ኢንጀክተር፦ የትኛውን መመርመሪያ ልግዛ?

አዳማ ላይ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥበት ሰው ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ወንድሜ፣ ኢንጀክተር ነው፤ ማኒፎልዱ ይውረድ» የሚል ነው። ኢንጀክተሩ (ቤንዚኑን የሚረጨው ክፍል) ሊሆን ይችላል። ግን ካንዴላም፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይልም፣ የተሰነጠቀ የቫኪዩም ጎማም ሞተርን ሚስ ያስደርጋሉ፤ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑ በትክክል እንዳይቃጠል ያደርጋሉ። ማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው ቱቦ) ማውረድ ደግሞ የእጅ ዋጋ አለው፤ ጋስኬትም ያስቀይራል። ስለዚህ ሳይፈቱ የሚመረምሩ መሣሪያዎች የትኞቹ ናቸው? የትኛውስ ገንዘቡን ያወጣል?

የመኪናውን ኮምፒውተር የችግር ኮድ ከሚያነበው ከስካነር እንጀምር። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኘው ትንሿ ኢኤልኤም327 ከሁሉም ርካሽ ናት። ፒ0300 ካወጣች ሚሱ አንድ ሲሊንደር ላይ የተወሰነ አይደለም። ፒ0302 ካወጣች ሁለተኛው ሲሊንደር ነው። የቱ እንደሆነ ትነግራለች፣ ለምን እንደሆነ ግን አትነግርም። ገበያውን የሞላው ደግሞ ቅጂው ነው። ጀርባዋ ላይ የተለጠፈውን የቨርዥን ቁጥር አትመኑ። ሻጩ እናንተው መኪና ላይ ሰክቶ ካላሳያችሁ ብር አትቁጠሩ። በተለይ ለጃፓን ገበያ በተሠራ አሮጌ ቪትዝ ላይ ሶኬቱ ስላለ ብቻ ሁሉም ዳታ ይመጣል ማለት አይደለም።

በእጅ የሚያዘው ስካነር ዋጋው ከፍ ይላል። ለልዩነቱ የምትከፍሉት ሁለት ነገር ካለው ብቻ ነው። አንዱ ሞድ 06 ነው፤ እሱን በሚደግፉ መኪኖች ላይ የየሲሊንደሩን የሚስ ቁጥር ያሳያል። ሌላው አክቲቭ ቴስት ነው፤ ኢንጀክተሮቹን ከስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ያጠፋል። ጤነኛው ሲጠፋ የሞተሩ ዙር ይወርዳል። ችግር ያለበት ሲጠፋ ለውጥ የለም። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉት ርካሿን ግዙና ቀሪውን ብር ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩ።

ኢንጀክተር ከመጠርጠር በፊት ምንም የማያስወጣ ሙከራ አለ። የሁለተኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩ፣ ኮዱን አጥፉና ንዱ። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከዞረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ካንዴላውንም እንደዚሁ። ቼክ ኢንጅኑ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ድረስ ልሞክረው እንዳትሉ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊቲኩን (የጭስ ማጣሪያውን) ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኖይድ ላይት የሚባለው ትንሽ መብራት የኢንጀክተሩ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ምልክት ከመጣ ብልጭ ይላል። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው። ችግሩ ሶኬቱ ላይ ለመሰካት እጅ መድረስ አለበት። የኋላው የኢንጀክተር ረድፍ ማኒፎልድ ስር በተደበቀበት ቪ6 ሞተር ላይ ምን ይረባል? ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጭ ሞተር ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፤ እዚያ የኢንጀክተሩ ቮልቴጅ ከ12 በብዙ ይበልጣል። እኔ አልገዛውም።

ተራ ቴስተር (መልቲሜትር) ይሻላል፣ አለካኩን ካወቁበት። ኢንጀክተሩ ጋ መድረስ የለበትም። ባትሪው ይነቀል፣ የኮምፒውተሩ ሶኬት ይውጣ፣ ከዚያ በኢንጀክተሮቹ የጋራ የኤሌክትሪክ መስመርና በየኢንጀክተሩ ፒን መካከል ይለካል። የመኪናው የሽቦ ንድፍ ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ተራ የቤንዚን መኪኖች ከ11 እስከ 18 ኦም ይመጣል። ከቁጥሩ በላይ ዋናው ነገር አራቱም መቀራረባቸው ነው። ሦስቱ 14 ብለው አንዱ 6 ካለ መልሱ ተገኘ። ሚሱ ሞተሩ ሲግል ብቻ የሚመጣ ከሆነ እንደጋለ ለኩት፤ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ጤነኛ ይመስላል።

ጋራዥ ላለው ሰው የምመርጠው ትንሽ አምፔር የሚለካ የዲሲ ክላምፕና የኤሌክትሪኩን መውጣትና መውረድ በመስመር የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ (ስኮፕ) ነው። ክላምፑ ኢንጀክተሮቹን የሚመግበውን ሽቦ ፊውዝ ሳጥኑ አጠገብ ያቅፋል፤ የሚቆረጥ ሽቦ የለም። ስክሪኑ ላይ ከረንቱ ወደ 1 አምፔር አካባቢ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ መስመሩ መሀል ላይ ትንሽ ጎድጎድ ይላል። ያቺ ጎድጓዳ የኢንጀክተሩ መርፌ ስትንቀሳቀስ ነው። ጎድጓዳዋ ከሌለች መርፌዋ ተጣብቃለች። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከወጣ ውስጡ ሾርት አለ። ጭራሽ ከሌለ ተቆርጧል። ስትገዙ ሁለት ነገር ተመልከቱ። ስኮፑ ሁለት ቻናል ይኑረው፤ አንደኛውን ከአንደኛው ሲሊንደር ኮይል ጋር ካላገናኛችሁት የቱ መስመር የማን እንደሆነ አታውቁም። ክላምፑም የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙት ባለ 400 ወይም 600 አምፔሩ አይሁን፤ 1 አምፔርን አጥርቶ አያሳይም። እንደ ሃንቴክ ሲሲ65 ያለ እስከ 20 አምፔር የሚነበብ ክልል ያለው ይበቃል።

ክላምፑ የማያየው አንድ ነገር አለ፦ ቆሻሻ። በኤሌክትሪክ ጤነኛ የሆነ ኢንጀክተር አፉ ተደፍኖ ቤንዚን ሊያሳንስ ይችላል። ለዚያ የነዳጅ ግፊት ጌጅና ኢንጀክተሩን ለተወሰነ ጊዜ የሚከፍት ፐልሰር ያስፈልጋል፤ ኢንጀክተሮቹ በተራ ሲከፈቱ ግፊቱ ምን ያህል እንደወረደ ይነጻጸራል። ብዙ ቶዮታዎች የነዳጅ ሬል ላይ ግን ለጌጁ የተዘጋጀ መሰኪያ ስለሌለ ተጨማሪ አስማሚ መግዛት ይመጣል። ለአንድ መኪና ከሆነ አይግዙት፤ የኢንጀክተር ማጠቢያ ማሽን ያለው ቤት መውሰድ ይረክሳል።

የጅቡቲን መንገድ የሚሠራ ናፍጣ ከባድ መኪና ያላችሁ ይህን ሁሉ ለእናንተ አልጻፍኩትም። ኮመን ሬል የሚባለው የናፍጣ መርጫ ሲስተም ሌላ ዓለም ነው፤ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ስለሚሄድ ሞተሩ እየሠራ ቱቦ ማላላት አደጋ አለው። እናንተ መግዛት ያለባችሁ ከየኢንጀክተሩ የሚመለሰውን ናፍጣ የሚለካውን ባለ ጠርሙሱን የሪተርን መለኪያ ነው።